የሐሙስ ከሰዓት ድምፅ፤ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ግዛቸው ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የቤተሰቡ ወዳጆች፣ ከሥራችሁ አስፈቅዳችሁ ከየሰፈሩ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፤ ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አደራ ሲለኝ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ለሠላሳ ዓመታት ያህል በቅርብ ስለማውቃቸው እሺ ብያለሁ፤ የሳትኩት ነገር ካለ ግን እያነበብኩ አርመዋለሁና በትዕግሥት ስሙኝ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴነሽ አበራ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አዲስ አበባ ወደሚኖሩት አጎታቸው ተልከው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው የተከታተሉ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር ብዬ ጽፌ ነበር፤ ትናንት ማስረጃቸውን ሳገላብጥ ያየሁት ግን ሁለተኛ ነው።

ከዚያም በስልክ መሥሪያ ቤት በውጭ አገር መስመር አገናኝነት ተቀጥረው ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግሉ፣ የአለቆቻቸውን ድምፅ አስመስለው እየተናገሩ ባልደረቦቻቸውን በማሳቃቸው አንድ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ ያንንም ወረቀት እስከ መጨረሻው ድረስ በክብር አስቀምጠውት ነበር። በ1976 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሹፌሩ ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር ትዳር መሥርተው በ1978 ዓ.ም. ልጃቸውን ሕሊናን የወለዱ ቢሆንም፣ ባለቤታቸው በ1980 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ስለሞቱባቸው፣ በተከታዩ ዓመት የሦስት ዓመት ልጃቸውን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ብለው ወደ ሮም መጡ።

በሮም አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት ዘንድ በፊሳነት፣ ማለትም እዚያው እያደሩ ለመሥራት ገቡ። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት የፊሳ ሠራተኛ የራሷ የምትለው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። አሠሪያቸው ለንደን የሚኖሩት ወንድማቸው ከቴሌቪዥን እየቀዱ የሚልኩላቸው የቪዲዮ ካሴቶች ነበሯቸው፤ ከእነዚህም መካከል በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር እጅግ የተወደደ፣ በባሕር ዳርቻ አንድ ያረጀ ፔንሲዮን እያከራዩ ስለሚኖሩ አባትና ሦስት ልጆች የሚያወሳ ተከታታይ ኮሜዲ ይገኝ ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ካሴቶቹን አስፈቅደው በመውሰድ፣ ለትምህርት ሮም የነበሩት ካቶሊካዊው ካህን አባ ገብረ ሕይወት ከመነኮሳይያት ለምነው ባገኙላቸው በቶር ፒኛታራ ሰፈር አዳራሽ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ለእህቶቻቸው ማሳየት ጀመሩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው የአባትየውን ሳል፣ የእንግዶቹን ጭቅጭቅ፣ የውሻውን ጩኸት ሳይቀር በአማርኛ ብቻቸውን ይጫወቱት ነበር።

በአምስተኛው ካሴት ላይ የበኩር ልጅየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እያየ፣ እናታቸው የመጨረሻዋ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆናት እንደሞተች ይናገራል። በዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ ሴቶች የነበሩ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ልጃቸውን ለእናታቸው ወይም ለእህታቸው ትተው ያልመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ያንን ቃል በእነዚህ ሴቶች ፊት ለማውጣት አንደበታቸው እምቢ ስላላቸው፣ «እናታችን ውጭ አገር ሥራ ላይ ናት» አሉ።

ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ ያቺ እናት በአማርኛ በሕይወት ኖረች። ተዋንያኑ ዝም በሚሉበት ሁሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከእናትየዋ የመጣ ደብዳቤ ያነቡ ነበር፤ የመጨረሻዋንም ልጅ፣ የእንግሊዝኛ ስሟ ለአፍ አይመችም ብለው፣ ሕሊና አሏት። ሴቶቹም በየሳምንቱ፣ «ዘርፊ፣ የእናትየዋ ፔርሜሶ ገና አልወጣም እንዴ?» ብለው ስለ መኖሪያ ፈቃዷ ሲጠይቁ፣ እሳቸው «የሥራ ኮንትራቶ እየጠበቀች ነው» ይሉና ሁሉም ይስቃሉ። አሠሪያቸው በ1990 ዓ.ም. እስኪያርፉና ካሴቶቹ ለወራሾች እስኪመለሱ ድረስ ይህ ለስድስት ዓመታት ቀጠለ።

የራሳቸውን ሕሊና ግን ማምጣት አልቻሉም ነበር፤ ምክንያቱም ሕጉ በራስ ስም የተከራዩት ቤት እንዲኖር የሚጠይቅ ሲሆን፣ የፊሳ ሠራተኛ ደግሞ ቤት የላትም። አሠሪያቸው ካረፉ በኋላ በቶር ፒኛታራ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ በ1992 ዓ.ም. ልጃቸውን በአሥራ አራት ዓመቷ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀበሉ። ሕሊና እዚህ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው፤ ይህን እንዳነብም ፈቅዳልኛለች። እናቷን «እማዬ» አላለችም። «እትዬ ዘርፈሽዋል» እያለች፣ እንደ ባዕድ አዋቂ አክብራ፣ ምንም ሳታጎድል ታዘዘቻቸው። እሳቸው ለአባ ገብረ ሕይወት እንደነገሯቸው፣ ብትሰድባቸው ይመርጡ ነበር። ልጅቱ እናቷ ገንዘብና ልብስ ከመላክ በቀር ስለ እርሷ የሚያውቁት አንዳችም ነገር ያለ አይመስላትም ነበር፤ እሳቸውም የልጃቸውን ልብ ለማግኘት ምን ማለት እንዳለባቸው አላወቁም፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያናግር የኖረ አንደበት በገዛ ቤቱ ዝም አለ። ይህም ስምንት ዓመት ቆየ፤ አይደለም፣ አሥር ዓመት ነው።

በ2002 ዓ.ም. ሕሊና እናቷ የሚወዱት ያ ኮሜዲ አዲስ ድራማ እንደወጣለት ሰምታ በኮምፒዩተር አመጣችላቸው። አዲሱ ሥራ የዚያን ቤተሰብ የቀድሞ ዘመን የሚተርክ፣ ሳቅና ኀዘን የተቀላቀሉበት ባለ አራት ክፍል ድራማ ሲሆን፣ ዋናዋ ባለታሪክም ያቺ በፎቶግራፍ ብቻ የምትታወቀው እናት ነበረች፤ ወጣት፣ ቀልደኛ፣ ፔንሲዮኑን በብድር አልጋና በተውሶ ድስት የከፈተች። የድሮዎቹ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ አቅፈው፣ እንደገና በዚያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሦስት ሐሙስ ያህል «ይኸው መጣችልን» እያሉ ሳቁ። በአራተኛው ክፍል ግን እናትየዋ ትታመማለች፤ ትሞታለችም። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህን ቀድመው አይተውት ነበርና፣ በዚያ ሐሙስ ምስሉን አስቁመው ተነሡ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንደዋሿቸው፣ እናትየዋ ከመጀመሪያውም ሞታ እንደነበር ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ።

ከሴቶቹ መካከል ከአሥመራ የመጡት ወይዘሮ ኣኽበረት ናቸው የመለሱላቸው። «ዘርፊ፣ እኛ እኮ በሁለተኛው ዓመት አውቀናል። ከእኛ ጋር ትመጣ የነበረችው ኤፊ ከአሠሪዋ ከሲኞራዋ ልጆች ጋር በጣሊያንኛ አይታው ነገረችን» አሏቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ «ታዲያ መች ትመጣለች እያላችሁ ስታደርቁኝ የኖራችሁት ለምንድን ነው?» ሲሉ፣ ወይዘሮ ኣኽበረት፣ «ስለ ልጅሽ ስንጠይቅሽ ታለቅሻለሽ፤ ስለዚያች ሴትዮ ስንጠይቅሽ ግን ታወሪያለሽ። ሌላ ምን እናድርግ?» አሉ። ከዚያም ከኋላ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆማ ወደነበረችው ሕሊና ዞረው፣ «አንቺን እኛ ሳናይሽ ነው የምናውቅሽ፤ የፊት ጥርስሽ የወለቀ ጊዜ፣ ቢጫውን ሹራብ አልለብስም ብለሽ አያትሽን ያስቸገርሽ ጊዜ፣ ሁሉንም በዚያች ሴትዮ ደብዳቤ ሰምተናል» አሏት። እነዚያን ነገሮች አያቷ ወይዘሮ እቴነሽ ለልጃቸው ይጽፉላቸው እንደነበር ሕሊና የሰማችው ያኔ ነው።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የቀረውን ክፍል ለመቀጠል ቢሞክሩ ድምፃቸው አልወጣም። ሕሊና መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና የእናትየዋን ንግግር እሷ ወሰደች፤ አማርኛው ሲያጥራት በጣሊያንኛ እየሞላች፣ እስከ መጨረሻው። በሞት አልጋ ላይ ያለችው እንግሊዛዊት በሕሊና ድምፅ «ቫ ቤኔ»፣ ማለትም «እሺ ይሁን» ስትል ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ቀጥሎም አዳራሹ በሙሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

በማግስቱ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ግን እዋሻለሁ። ሕሊና ለዓመታት ያህል «እትዬ» ማለቷን አልተወችም፤ ሆኖም እሑድ እሑድ አብረው ምሳ ሠርተው መብላትና እየተጨቃጨቁ መሳቅ ጀመሩ። በ2006 ዓ.ም. ምጥ የያዛት ጠዋት ግን ስልክ ደውላ፣ «እማዬ፣ ነይልኝ» አለቻቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ በትራም ሆስፒታል ደረሱ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ስደተኞች ይኖሩበት ከነበረው ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንጻ በፖሊስ ለተባረሩ ሁለት እህቶችም የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለቀው ሰባት ወር ያህል በሳሎን አድረዋል።

ባለፈው ዓመት በሳንባቸው ላይ ሕመም ተገኝቶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው በልጃቸው ቤት ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ትናንት ለሕሊና ሳሳያት፣ ስለ ልጃቸው ባሰፈርኩት ክፍል ላይ «አሥራ አንድ ዓመት አላሳደጓትም» የሚል ነበረበት። እሷም፣ «ጋሼ፣ ይህ ስሕተት ነው፤ ይታረም» አለችኝ። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ተብሎ ይነበብ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ግዛቸው አንድ ልጃቸውን ሕሊና ሸዋንግዛውን አሥራ አንድ ዓመት ከሩቅ፣ ሃያ አምስት ዓመት ከቅርብ ያሳደጉ እናት ሲሆኑ፣ እርሷን፣ አማቻቸውን ክፍሎምን፣ የልጅ ልጃቸውን ቤዛን፣ አዲስ አበባ የሚኖሩትን ወንድማቸውን አቶ መላኩንና እናንተን የሐሙስ እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የለፉትን የሚያሳርፍ፣ የተለያዩትን የሚያገናኝ አምላክ የእህታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ እናቷን ለምትሸኘው ልጅም መጽናናትን ይስጣት። አሜን።