ጥቁር ሸሚዝ የለበሰው

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ የኮንሰርት ፎቶዋን ስታስተካክል አጠገቧ ያሉ እናት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«ከኋላዬ ያሉትን ሰዎች እያጠፋሁ ነው፣ እማማ። በኤአይ ነው። ጣቴን ሳሳርፍባቸው ይጠፋሉ፤ ቦታቸውን ሰማይ ይሞላዋል።»

«እንደ ጉም?»

«አዎ፣ እንደ ጉም።»

«ቆይ እስቲ። ያንን ጥቁር ሸሚዝ የለበሰውን እንዳትነኪው።»

«ያውቁታል?»

«ልጄ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ጥቁሩን አላወለቀም፤ ሲስቅም አይቼው አላውቅ። ኮንሰርቱ የነበረ ቀን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ዋልሁ ነበር ያለኝ።»

«እዚህ ግን ትከሻውን እየሰበቀ ነው።»

«አያለሁ። ሲስቅ ቁርጥ አባቱን።»

«ሌሎቹን ላጥፋቸው?»

«ተያቸው፤ ማን ያጨበጭብለታል?»

«ቤት ሲገቡ ይቆጡታል?»

«ምን ቆርጦኝ። ነገም ወፍጮ ቤት ሂድ ነው የምለው።»

እኔም ስልኬን አወጣሁና በየፎቶዎቼ ዳር የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርሁ።