ከባለታሪኩ በቀር ሁሉም ያውቃል

ታክሲዬ ላይ አንድ ህንዳዊ የታሚል ፊልም ዳይሬክተር ጫንኩላችሁ። «ድሮ መጨረሻውን ስደብቅ ፊልሞቼ ይከስሩ ነበር» አለኝ። «አሁን ተመልካቹ ሁሉን ቀድሞ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለታሪኩ ብቻ ነው። ፍርሃት ማለት ያ ነው።»

«ባለታሪኩስ በምን ይነቃል?» አልኩት።

«ሰዎች ድንገት ደግ ሲሆኑለት።»

ስቄ ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈር አወረድኩት። ወዲያው ባለቤቴ ደወለች። ሁሌ ኦቨርታይም ግባ እያለች የምትጨቀጭቀኝ ሴትዮ፣ «ሺፍቱ ይቅርብህ የኔ ጌታ፣ ምሳህን ና ብላ» አለችኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ጠዋት ስደውልላት ስልክ አላነሳችም ነበር።

ሰፈሬ ስፕሪንግ ቫሊ ስደርስ የእድራችን ሰዎች መኪና ቤታችን ፊት ተደርድሯል። ገባሁ። ሁሉም አቀርቅረዋል። ባለቤቴ ዓይኔን ሳታይ፣ «መጀመሪያ እህል ቅመስ» አለችኝ።

ምን ሆነ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ቁጭ ብዬ በላሁ።