በጎን የተሣለው አዛናው

የመተማ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሙሐመድጣሂር ሷሊህ
ዕድሜ፦ 46 ዓመት
ሥራ፦ የሰሊጥ ነጋዴ
አድራሻ፦ መተማ፣ ከገበያው በስተ ምዕራብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ታኅሣሥ 10 ቀን 1942 ዓ.ም.
ቃሉን የጻፈው፦ የጣቢያው ጸሐፊ እንግዳው ውባንተ
ጉዳዩ፦ የኮኪቱ ገበሬ አዛናው ከሚዞረው ዥዋዥዌ ወድቆ ስለ መሞቱ፤ ሠዓሊው ፈረደም በዚሁ ምክንያት ስለ መታሰሩ

ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 ቀን ጠዋት ከሽንፋ ስድስት ግመል ሰሊጥ ገባልኝ። ሁለቱ ጆንያ እርጥብ ሆኖ ስላገኘሁት ለይቼ አሰጣሁትና ወደ ገበያው ወጣሁ። በዚያ ቀን ዥዋዥዌው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዞርበት ነበር።

ዥዋዥዌውን ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ በካሚዮኑ ጭኖ ያመጣው ስታማቲ የሚባል ግሪክ ነው፤ እኛ እንደ ማንኛውም ነጭ ኸዋጃ እንለዋለን። መካከሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል፤ ከላዩ እንደ መንኮራኩር ያለ ክብ እንጨት አለ፤ ከክቡ ዙሪያ ስምንት ወንበሮች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። የካሚዮኑን የኋላ ጎማ በክሪክ ያነሡና ከጎማው ወደ ምሰሶው በተዘረጋ ጠፍር ያዞሩታል። ሲፈጥን ወንበሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ሰው ከገበያው በላይ ይበራል። ቦታውን ያከራየሁት እኔ ነኝ፤ ሠዓሊውንም ያገናኘሁት እኔ ነኝ።

ኸዋጃው ከክቡ ዙሪያ፣ ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ፣ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ እንዲሰቀል ፈለገ። ፈረደ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ከጎንደር ወርዶ በሰሊጥ አጨዳ ሲሠራ አውቀዋለሁ። በሰባቱ ሰሌዳ ላይ ፈረስ፣ ሰጎን፣ ክንፍ ያለው ግመልና እንዲህ ያለውን ሣለ። በስምንተኛው ላይ የአገሩ ሰው ይሣል ያልሁ እኔ ነኝ። አዛናው ሰው የሚወደው ገበሬ ነበር። እሱ ከላይ ከታየ የኮኪት ሰው ሁሉ ሊያየው ይመጣል፤ ሊያየው የመጣም ይሳፈራል ብዬ አሰብሁ። አዛናውን ስጠይቀው፣ «ባርኔጣዬን አትርሱብኝ» ብሎ ሳቀ እንጂ እምቢ አላለም።

ኸዋጃው፣ ሰውየው የሚበር እንዲመስል በጎን ይሣል አለ። ፈረደ አልወደደም። «ጋሼ ሙሐመድ፣ እኔ ደህና ሰው በጎን አልሥልም» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዲያው አልሥልም።»

«ወፍ ስትበር ፊቷን ወደ አንተ አዙራ ነው እንዴ?»

«ወፍማ አትቀየምም» አለኝ።

በንግድ ሥራዬ ሰው የሸሸገውን ሳልጠይቅ አላልፍም። ያን ጊዜ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ የገበያው ቀን እንዳይደርስብን ስለቸኮልሁ አለፍሁት። «ሥራው የኸዋጃው ነው፤ እንዳለህ ሣልለት» ብዬ አጥብቄ ነገርሁት። ሣለው። ሥዕሉ ያምር ነበር። ባርኔጣውና ጅራፍ የያዘው እጁ ቁርጥ አዛናው ነበር። ከግርጌው «ኑ፣ ብረሩ» የሚለውን አማርኛውን ፈረደ፣ ዐረብኛውን እኔ ጻፍን።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አዛናው ከባለቤቱ ከወይዘሮ የሻረግ ጋር መጣ። ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። አገኘሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ሥዕሉን አይታ፣ «አዛናው፣ አንዱን ዓይንህን ለማን ሸጥኸው?» አለችው። አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ፣ «አይ፣ ከእነዚያ ጋር ተሰልፎ ነው» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

አዛናው ወደ እኔ መጣ። «አንተ ነህ ያሣልኸኝ?»

«እኔ ነኝ። ምን ጎደለው?»

«ዓይን።»

«የጎን ነው እኮ፤ ሌላው ዓይንህ በወዲያ በኩል ነው» አልሁት።

ሰዉ ከፊተኛው አብልጦ ሳቀ። አዛናው አልሳቀም። ይህን መልስ መመለሴ ከሁሉ ይልቅ ይጸጽተኛል።

አዛናው ሰሌዳውን እንዲያወርድ ኸዋጃውን ለመነው። ኸዋጃው አማርኛ ስለማይሰማ ሊሳፈር የፈለገ መስሎት ወንበር አሳየው። አዛናው ሄዶ ከራሱ ሥዕል በታች ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰሌዳው ከወንበሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር ሁልጊዜ ከራሱ በላይ ነበር። ሰንሰለቱም አጭር ስለሆነ ወንበሩ ላይ የቆመ ሰው እጁ ይደርሳል።

ዥዋዥዌው ፍጥነት ሲይዝ አዛናው የወንበሩን ማሰሪያ ከወገቡ ፈትቶ ቆመ። በግራ እጁ ሰንሰለቱን ይዞ በቀኙ ቢላዋ አወጣና የሥዕሉን ፊት ይፍቅ ጀመር። ከታች ያለው ሰው ጀብዱ የሚያሳይ መስሎት አጨበጨበ፤ ሴቶችም እልል አሉ። አቁሙት ብዬ ወደ ካሚዮኑ ሮጥሁ። ሞተሩ ቢጠፋም ክቡ ወዲያው አይቆምም። ሲዞር ሲዞር እጁ ለቀቀና ወድቆ ከማሽላ ነጋዴዎቹ ዳስ ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ሌሊቱን አድሮ እሑድ ንጋት ላይ ዐረፈ። ኸዋጃው በዚያው በቅዳሜ ምሽት ካሚዮኑን ይዞ ድንበሩን ወደ ገላባት ተሻገረ።

በማግሥቱ ቄስ ገብረማርያምን ነገሩን ጠየቅኋቸው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን እንደሚሣሉ፣ ሰይጣንና ኩነኔ የሚገቡት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስረዱኝ። እኔ እስላም ነኝ፤ በዚህ አገር ተወልጄ ባድግም ያን ግድግዳ ገብቼ አይቼው አላውቅም። ፈረደን በእስር ቤቱ ደጅ፣ «ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምን ብዬ ልንገርዎት? በሃይማኖቴ የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

የሟች ወንድም ሸጋው፣ ፈረደ በሰው ተገዝቶ ወንድሜን ኩነኔ አስገባው ብሎ ከሷል። ከተፈታም በሕይወት ከመተማ እንደማይወጣ በገበያ ተናግሯል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ በፈረደና በአዛናው መካከል ጠብ አልነበረም፤ ማንም አልገዛውም፤ በጎን ሣል ያለው ኸዋጃው ነው፤ እምቢ ሲል ያስገደድሁት እኔ ነኝ። ፈረደ በእኔ ዋስትና እንዲለቀቅልኝና ነገሩ በሽማግሌ እስኪያልቅ በቤቴ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትንና የሠራሁትን እንጂ ያልሆነውን አልጨመርሁም፤ ሐሰት ቢገኝበት ልጠየቅበት ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሙሐመድጣሂር ሷሊህ (በዐረብኛ ፈርሟል)
የጸሐፊው ፊርማ፦ እንግዳው ውባንተ

ከፊርማው በኋላ ምስክሩ ያስጨመረው ቃል፦

ወይዘሮ የሻረግ ሰሌዳው እንዲሰጣት ልካብኛለች። ፊቱ ተፍቋል ብዬ ባስነግራት፣ «ፊቱን እኔ አውቀዋለሁ» ብላለች። ጣቢያው ለማስረጃ የያዘውን ሰሌዳም ፈረደንም ዛሬ ፈቅዶልኛል። ፈረደን ከቤቴ ትቼው፣ ነገ ማክሰኞ ማለዳ ሰሌዳውን በአህያ ጭኜ ከቄስ ገብረማርያም ጋር ወደ ኮኪት፣ የሻረግ ለቅሶ ወደ ተቀመጠችበት ወደ ሸጋው ቤት፣ ዕርቅ ልለምን እሄዳለሁ።