ከድንኳን ምሰሶ ጋር የታሰረው ብስክሌት

የምስክሩ ስም፦ አራጋው ረዳ ወልደገብርኤል
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ 02 ቀበሌ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የካቲት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት

የካቲት 17 ቀን ብስክሌቴን ሀሚዱ አብደላ ሰርቆኛል ብዬ የሰጠሁት ቃል ስሕተት በመሆኑ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ለማረም ቀርቤያለሁ። ሀሚዱ በቀበሌያችን ብስክሌት የሚጠግን ሲሆን፣ እንደ እኔው የቅሬያችን፣ ማለትም የመረዳጃ እድራችን፣ አባል ነው። በእኔ ክስ እስከ አሁን ታስሮ ይገኛል።

በጥቅምት ወር ከጦርነቱ ሸሽቼ ደብረ ብርሃን ከርሜ በታኅሣሥ ስመለስ የቀድሞው ብስክሌቴ ተወስዶ፣ ታስሮበት የነበረው ቀጭን ሰንሰለት ተቆርጦ አገኘሁ። ስለዚህ ሌላ አሮጌ ብስክሌት ስገዛ ቁልፉን በጥንቃቄ መረጥሁ። ከደሴ የገዛሁት እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ወፍራም ብረት ነው። ጠባቡን የመረጥሁት፣ በመካከሉ ዲጂኖ አስገብቶ ለመፈልቀቅ እንዳይመች ብዬ ነው። በመጀመሪያ ከመሪው ላይ አንጠልጥዬው ስነዳ ጉልበቴን ስለመታኝ፣ ሀሚዱ በከመነዳሪ ቁራጭ ከፍሬሙ ጋር አጥብቆ የሚቀመጥበትን አበጀልኝ። ያን ዕለት መክፈቻው ግማሽ ቀን እሱ ዘንድ ውሏል። የጠረጠርሁትም አስመስሎ አስቀርጾ ይሆናል ብዬ ነው።

የካቲት 17 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ መስኡዳ ባለቤታቸው በሞቱ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስሁ። አጥሩ የበሰበሰ እንጨት ስለነበረ አላመንሁትም። ብስክሌቱን ከቅሬው ድንኳን የማዕዘን ምሰሶ ጋር ቆለፍሁት፤ ምሰሶው ብረት ነው። ዱዓው ሲያበቃ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሐዘንተኛዋን ለማጽናናት ወደ ውስጥ ገባሁ። ወደ 5፡00 ሰዓት ስወጣ ድንኳኑም ብስክሌቱም አልነበሩም። ማንንም ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። በቃሌም «ከብረት ምሰሶ ጋር» ብቻ አልሁ፤ የምን ምሰሶ እንደሆነ አላስመዘገብሁም። ፖሊስ ብስክሌቱን ቁልፉ እንደተዘጋ ከሀሚዱ ሱቅ፣ ከብረት መጋዝ አጠገብ አገኘው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ መስኡዳ በሐዘናቸው ላይ ቤቴ ድረስ መጡ። ድንኳኑን የማንሳት ተራው የሀሚዱ እንደነበረ፣ ምሰሶው ሲነቀል ቁልፉ ሳይከፈት በግርጌው ሾልኮ እንደወጣ፣ እሱም እኔ ውስጥ መሆኔን ሳያውቅ ብስክሌቱን ተሸክሞ ቤቴ ወስዶ በሩ ተዘግቶ ስላገኘው ወደ ሱቁ እንደወሰደው ነገሩኝ። ቀጥለውም «ጋሽ አራጋው፣ ድንኳን እኮ ሊነሳ ነው የሚተከለው። ይኸን አጥተውት ነው?» አሉኝ። ቁልፉን ለመምረጥ ሦስት ቀን ስፈጅ ምሰሶውን ለአንድ ደቂቃ አላየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ሀሚዱን በፈቃድ አነጋግሬዋለሁ። «ጋሼ፣ መክፈቻ ቢኖረኝ እየነዳሁት እሄድ ነበር እንጂ በጠራራ ፀሐይ በአስፋልቱ ላይ ተሸክሜው አልፋለሁ?» አለኝ። ይህን ሐሙስ ዕለትም ተናግሮ እንደነበር ተረድቻለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ በከተማችን የሰው ዕቃ ቤቱ የተገኘ ሁሉ ዘራፊ ይባላል፤ ስሙም በቀላሉ አይነጻም። እሱ ሠርቶ የሚያድረው ሰው ብስክሌቱን አምኖ ሲተውለት ነው።

ቃሌን የተቀበሉኝ መርማሪ ክሱን በእርቅ ጨርሼ ይቅር ብያለሁ ብዬ ልፈርም እንደሆነ ጠይቀውኛል። በዚያ አልስማማም። ይቅር የሚባለው የበደለ ሰው ነው፤ እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ሀሚዱ ሰርቆ ምሕረት እንደተደረገለት ሆኖ ይቀራል። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ስርቆት አልተፈጸመም ተብሎ ነው፤ የበደልሁትም እኔ ነኝ። ይኸው ቃል በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ግልባጩ ይሰጠኝ።

የተጻፈውን ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። አንድ ቦታ «ተሳስቼ ይሆናል» የሚለውን «ተሳስቻለሁ» ተብሎ እንዲስተካከል አድርጌያለሁ። እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አራጋው ረዳ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ዋሲላ ሙስዓብ፣ ፊርማ