በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ

አማርኛን ጨምሮ ያለ አስተማሪ አራት ቋንቋ የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ የሚወራ ነገር አያመልጠኝም። በደርግ ዘመን አንድ ጠዋት ከካሳራኒ ወደ ናይሮቢ መሀል ስሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ሰውና አንዲት ሴት ማንም አይሰማንም ብለው በአማርኛ ይጨቃጨቁ ነበር። እሱ ትምህርት ቤት ውስጥ የስደተኛ ልጆች መካሪ ነው፤ እሷ ምክሩ መጥቀም አለመጥቀሙን ልትመዝን ተልካለች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ምንም አልመለሱልኝም። አልጠቀማቸውም ብዬ ልጽፍ ነው።»

«እንደዚያ ከጻፍሽ እኮ የምክር ክፍሉን ይዘጉታል! ለመሆኑ እንዴት ጠየቅሻቸው?»

«አንድ በአንድ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ‹የመካሪህ ጥፋት ምንድን ነው?› አልኳቸው።»

«እህቴ፣ ከምን ሸሽተው እንደመጡ ረሳሽው? ቀበሌም እንደዚያ ነበር የሚጠይቃቸው። ስሙን የጠሩት ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም።»

«እኔን ከካድሬ ጋር ሊያወዳድሩኝ ነው?»

«በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ዝምታን ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«አንድም የተናገረ የለም?»

«አንዷ ብቻ። እሷም መልስ አልሰጠችኝም፤ ‹እሳቸውን ምን ልታደርጓቸው ነው?› ብላ አፈጠጠችብኝ።»

«የትኛዋ?»

«ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ቀጭኗ።»

«ሂሩት? ሂሩት ተናገረች?»

«ምነው?»

«እዚህ ከመጣች ጀምሮ ድምጿን የሰማ ሰው የለም።»

በሰው ወሬ መሀል ገብቼ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ጠዋት ግን እንዲደማመጡ የሚንገጫገጨውን መስኮት ዘጋሁላቸው።