ባልዲው ውስጥ ያለው ኮከብ ዓሣ

የባሕር ጠረፍ ከተማ ወደሆነችው አላሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ ፊቴ የተቀመጠው ሐበሻ ባልዲ ታቅፏል። ባልዲው ውስጥ ኮከብ ዓሣ ይንቀሳቀሳል። የልጄ እኩያ የምትሆን፣ ከአጠገቡ የተቀመጠች ሐበሻ ልጅ ዓሣውን አየችው።

«ከየት አመጡት ጋሼ?»

«ዳይቭ አድርጌ፣ ባሕሩ ውስጥ ጠልቄ ነዋ! ድንጋዩን አልለቅም ሲለኝ በቢላ ፈለቀቅኩት። ሲደርቅ ለእናቴ ቡፌ ጌጥ ይሆናል።»

«በሕይወት እያለ?»

«ባሕሩ በአንድ ዓሣ አይጎድልም።»

«እኔም ዳይቭ አደርጋለሁ። ምንም እንዳንነካ እጃችንን ደረታችን ላይ አጣጥፈን ነው የምንዋኘው።»

«ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?»

«የዓሦቹ ቤት ነው!»

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ቀጣዩ ስቶፕ ባሕሩ ዳር ነው። ወይ እርስዎ ወርደው ይመልሱታል፣ ወይ ባልዲውን ይዤ እኔ እወርዳለሁ።»

«እስቲ ሞክሪያ!»

ብድግ ብላ ባልዲውን ጨበጠች።

ጃኬቷን ይዤ ላስቀምጣት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።