የተዋጠ አይተረተርም

ልብስ ሰፊው የመድኃኒት ቤቱን በር ገፍቶ ሲገባ ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ነርስ ናት፤ ከሥራ መውጣቷ ነው። እሱ ግን ቆሞ ሰላምታ የሚጨርስ ሰው አይደለም። ባዶውን ብልቃጥ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ሻጩን ሻጩን ያያል።

«ጋሼ፣ ይሄ የፖታሲየሙ ክኒን አይደለም? በቅርብ ገዝተው አልነበር?»

«አለቀ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ» አለ፤ ሚስቱን ማለቱ ነው።

ነርሷ ክንዱን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ተቀምጦም ጉልበቱ አላረፈም፤ የስፌት መኪና የሚረግጥ ይመስላል።

«ለእትዬ ማን አዘዘላቸው?»

«ማን ያዛል? የእሷም የደም ግፊት እንደ እኔው ነው። ከአንድ ገበታ በልተን አርጅተን፣ መድኃኒት ብቻዬን ልዋጥ? ንፉግ አይደለሁም።»

«በዚህስ ንፉግ ቢሆኑ ይሻል ነበር።»

«ምን መርዝ አለው? ሐኪሙ ራሱ ሙዝና ድንች ውስጥ ያለ ነገር ነው ብሎኛል።»

«ለእርስዎ እውነት ነው። ግፊትዎ የጨመረው በጥቂቱ ነው፤ ደምዎም ኩላሊትዎም ታይቶ ነው የታዘዘልዎ። ፖታሲየሙ የጨውን ጉዳት ያለዝባል፤ የተረፈውን ኩላሊትዎ ያስወጣዋል። የእትዬ ኩላሊት ግን ደክሟል። የማይወጣው ይጠራቀማል። ሲበዛ ልብ ያቆማል።»

«እናንተ ስትማሩ መጀመሪያ የምትማሩት ማስፈራራት ነው።»

«እሺ ጋሼ። በልክዎ የሰፉትን ሱሪ እትዬን ያለብሷቸዋል?»

«ሰፈር ይስቅብኛል።»

«እሱስ ይተረተራል። የተዋጠ ክኒን ይተረተራል?»

ጉልበቱ ቀጥ አለ።

«ሰሞኑን እግሬ ከዳኝ ትላለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርጅና ነው አልኳት። ዛሬ ጠዋትም ሰጥቻታለሁ።»

ብልቃጡን አግዳሚው ላይ ትቶ ተነሣ። ነርሷ ተከተለችው፤ ሚስቱንም ይዘው በቀጥታ ሐኪም ቤት ገቡ። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ነበር፤ የልቧም ምት መዛባት ጀምሯል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው። አስተኝተው አከሟት፤ ድና ወጣች፤ የሱሪውንም ነገር ከነርሷ ሰማች።

ክፉ ሳያስቡ ክፉ መሥራት አለ። ሰው በማካፈልም የሚወደውን ሰው ይገድላል።

አሁን በዚያ ቤት ገበታው አንድ ነው፤ ክኒኑ የየራስ። ከወጡ ጨው ተቀንሷል። ባል ክኒኑን እየዋጠ ደሙን በቀጠሮው ያስመረምራል፤ ግፊቱም ረግቷል። ሚስት ለኩላሊቷ የሚስማማው ታዞላታል፤ እግሯም ጸንቷል።

በቀደም አንድ ጎረቤት ወደ ስፌት ሱቁ ጎራ ብሎ፣ «እኔም ግፊት አለብህ ተብያለሁ፤ እስቲ ከዚያች ክኒንህ አንድ ጣል አድርግልኝ» አለ። የልብስ ሰፊው እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ ሄደ።

ሚስቱ ቁልፍ ከምትተክልበት ሸሚዝ ቀና ሳትል፣ «ስጠው» አለች። «ሱሪህንም አብረህ አውልቀህ ስጠው።»

እጁ ባዶውን ተመለሰ። «ሂድ» አለው ጎረቤቱን፤ «መጀመሪያ ተመርመር።»